ወንበሯን ማን ጠበቀላት?

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብዙ ሰው ካሳቁ ተከታታይ ድራማዎች አንዱ የሚጀምረው በማያስቅ ነገር ነው። ዕድሜዋ 40ን የተሻገረ ዝነኛ ጋዜጠኛ ለአንድ ወር ከሥራ ጠፍታ ትመለሳለች። የጠፋችው ለዕረፍት አይደለም፤ ከመጠጥ ለመላቀቅ ማገገሚያ ገብታ ነው። ስትመለስ አዲሱ አለቃዋ ገና የ25 ዓመት ልጅ ነው። እሷ በሌለችበት ጊዜ ደግሞ አንዲት የቀድሞ የቁንጅና ንግሥት በቦታዋ ገብታ ስትሠራ ቆይታለች። መጠጡም ሲጋራውም ቀርቷል። የተረፋት ምላሷና ሙያዋ ብቻ ነው።

ድራማው «መርፊ ብራውን» ይባላል። የፈጠረችው ዳያን ኢንግሊሽ ናት፤ መርፊን ሆና የተወነችው ካንዲስ በርገን። እ.ኤ.አ. በ1988 በሲቢኤስ ጣቢያ ተጀምሮ እስከ 1998 በ247 ክፍሎች ተላልፏል፤ በርገንም 5 ጊዜ የኤሚ ሽልማት ወስዳበታለች። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ የሜሪ ታይለር ሙር ድራማ ተመሳሳይ ታሪክ ይዞ መጥቶ ነበር። ሜሪ የትዳር ዕቅዷ ፈርሶ በ30 ዓመቷ ወደ ሌላ ከተማ ትሄድና በአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለጸሐፊነት ታመለክታለች። የጸሐፊነቱ ቦታ ተይዟል፤ የረዳት ፕሮዲዩሰርነቱ ግን ክፍት ነው። ደመወዙ ከጸሐፊዋ በሳምንት 10 ዶላር ያንሳል። ማዕረጉ ከፍ፣ ደመወዙ ዝቅ! ይህ ቀልድ ለኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመርፊ ተመልካች ሲስቅ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። መርፊ ከማገገሚያ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ወደ ቢሮዋ ነው። ቢሮው አለ። ጠረጴዛው አለ። ስሟ ከፕሮግራሙ አልተፋቀም። ልጁን አለቃዋን የምትጨቀጭቀው፣ ከተተኪዋ ጋር የምትናቆረው፣ ጸሐፊ በየሳምንቱ የምትቀይረው የምትመለስበት ቦታ ስላላት ነው። ያ ወንበር ባይጠብቃት ኖሮ ታሪኩ ኮሜዲ አይሆንም ነበር። ወይ ስደት ይሆን ነበር፣ ወይ ዝምታ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በአብዛኛው የሆነው ይኸው ነው።

ሰርካለም ፋሲል አስኳል፣ ምኒልክና ሳተናው ጋዜጦችን ከሚያሳትሙት አንዷ ነበረች። በኅዳር 1998 ነፍሰ ጡር ሆና ከባለቤቷ ከእስክንድር ነጋ ጋር ታሰረች፤ ልጇን ናፍቆትን የወለደችው በእስር ላይ ነው። በሚያዝያ 1999 ተፈታች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን የጀግንነት ሽልማት ሰጣት። ሽልማት አገኘች፤ ጋዜጣ ግን አላገኘችም። ከእስር በኋላ ባልና ሚስቱ አዲስ ጋዜጣ ለማሳተም ያቀረቡት የፈቃድ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። መጨረሻው ስደት ሆነ።

ርዕዮት ዓለሙ የእንግሊዝኛ መምህርትና የፍትሕ ጋዜጣ ዓምደኛ ነበረች። በሰኔ 2003 ታስራ 14 ዓመት ተፈረደባት፤ በይግባኝ ወደ 5 ዓመት ዝቅ ተደረገ። በእስር ላይ እያለች የዩኔስኮ የጊየርሞ ካኖ የፕሬስ ነጻነት ሽልማት ተሰጣት። በሐምሌ 2007 ስትፈታ የሚጠብቃት የዜና ክፍል አልነበረም፤ ሥራዋን የቀጠለችው አሜሪካ ተሻግራ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚነካ መመሳሰል አለ። መርፊ ብራውን በመጨረሻው የድራማው ዓመት የጡት ካንሰር ሲገኝባት ባልደረቦቿ አጠገቧ ነበሩ። ርዕዮት ጡቷ ላይ ዕጢ ወጥቶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት እስረኛ ነበረች።

የሮሃ ቲቪዋ መዓዛ መሐመድ ደግሞ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ታስራለች። በ2015 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዓለም ጀግና ሴቶች አንዷ ብሎ ሸለማት።

በፖለቲካ አቋማቸው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ አይደለም። የሦስቱም ታሪክ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ሽልማቱ ከውጭ ይመጣል፤ ወንበሩ ከውስጥ ይጠፋል።

እነዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። ስሟን ከጣቢያዋ አድማጭ በቀር ማንም የማያውቃትስ?

ወላይታ ሶዶን እንመልከት ቢባል ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ከተማ በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ቢሮዎች ገቡ፣ ኃላፊዎች ገቡ፣ ስብሰባና መግለጫ በዛ። ወጌታ ኤፍ ኤም 96.6ን የመሰሉ ጣቢያዎችም አሉ። መግለጫ ሲበዛ ግን ጠያቂም መብዛት አለበት። ጠያቂ ደግሞ በአንድ ሥልጠና አይፈጠርም። ቀበሌውን፣ ቋንቋውን፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ቃል ማንን እንደሚያስቆጣ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል።

ሶዶ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለች። በ1992 የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ከተማዋ ተቆጣች። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ፣ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ። በዓመቱ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ታስረው ተቃውሞ ሲነሣ እንደገና ሰው በጥይት ሞተ። በ2016 የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ጉዳዩ አገር አቀፍ ዜና ሆነ። እነዚህን ሁሉ አያይዞ የሚያስታውስ፣ «ባለፈውስ ምን ብላችሁ ነበር?» ብሎ ኃላፊን የሚጠይቅ ሰው ለአንድ ከተማ ሀብት ነው። ያ ሰው ከስቱዲዮ ሲወጣ ማስታወሻ ደብተሩ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ የከተማዋ ትውስታ አብሮ ይወጣል።

ሴት ጋዜጠኛ ከስቱዲዮ የምትወጣው ደግሞ ሁልጊዜ በፖሊስ ተይዛ አይደለም። ትወልዳለች። ታማ ትተኛለች። ባሏ ሌላ ዞን ይዛወራል። የጠየቀችው ጥያቄ አንድን ኃላፊ ያስከፋና «ለጊዜው ዕረፊ» ትባላለች። ወይም ደመወዙ አልበቃ ብሏት የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮ ትገባለች፤ ትናንት የምትጠይቀውን ሰው ዛሬ ፎቶ ታነሳለች። ሕጉ የሚረዳት እስከ አንድ ደረጃ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይሁንና በየኤፍ ኤሙ ብዙ ፕሮግራም የሚሠሩት ቋሚ ሠራተኞች ሳይሆኑ የአየር ሰዓት የገዙ ሰዎችና ተባባሪ አዘጋጆች ናቸው። ተባባሪ አዘጋጇ ስትወልድ ስፖንሰሩ አይጠብቅም። ሰዓቱ ለሌላ ይሸጣል። አራስ ቤት ሆና ሬዲዮ ስትከፍት የራሷ ፕሮግራም በሌላ ሰው ድምፅ ይሰማታል።

ይህ ታሪክ ያሳዝናል፤ ያስቃልም። ለዚህ ነው አንድ የሶዶ ሲትኮም ቢሠራ ከብዙ አውደ ጥናት የበለጠ የሚጠቅመው።

እስቲ ይታሰብ። ሁለት ዓመት ጠፍታ የቆየች ጋዜጠኛ ወደ ሶዶው ሬዲዮ ጣቢያዋ ትመለሳለች። በቦታዋ ያለችው ወጣት በቲክቶክ ብዙ ተከታይ አላት፤ የዞኑን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስም ግን አታውቅም። ወጣቷ «እትዬ» እያለች ታከብራታለች፤ ማይክራፎኑን ግን አትለቅም። የጣቢያው ኃላፊ ሁለቱንም ይፈራል። እንግዳው ኃላፊ ጥያቄዎቹ አስቀድመው በቴሌግራም ካልተላኩለት አልገባም ይላል። ገብቶ ዋናው ጥያቄ ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ እሱም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ስፖንሰሩ የቆርቆሮና ምስማር ነጋዴ ነው፤ ስለ ግንባታ ፈቃድ መጥፎ ነገር እንዳይወራ ይፈልጋል። እናቷ ደግሞ የዳጣ በርበሬ እየፈጩ «መንግሥት ቤት አትገቢም ወይ?» ይሏታል። ይህን ለመጻፍ ከአሜሪካ የሚቀዳ ነገር የለም። ሁሉም እዚያው አለ።

ሲትኮሙ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ የሚሠሩ ኮሜዲዎች የደቡብ ሰውን የሚያስገቡት ብዙ ጊዜ ጥበቃ፣ ጫማ ጠራጊ ወይም የቤት ሠራተኛ አድርገው ነው። ሳቁም የሚመጣው ከአነጋገሩ ነው። የወላይታ ልጅ ቤቱ ሆኖ ራሱን በቴሌቪዥን ሲያይ ሊስትሮ ዕቃ ይዞ ነው። ጫማ መጥረግ ክቡር ሥራ ነው፤ ነውሩ ሌላ ሥራ የሌለው ማስመሰሉ ነው። ያው አነጋገር ማይክራፎን ይዞ ባለሥልጣንን ሲያፋጥጥ ቢታይ ተመልካቹ መሳቁን አይተውም፤ የሚስቅበት ሰው ግን ይለወጣል።

«ሰው እየታሰረና እየተሰደደ ቀልድ ይሠራል ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በእናት መታሰር፣ በእስር ቤት መወለድ ላይ ማንም አይስቅም። የሚሳቅበት ያንን ያደረገው አሠራር ነው፤ ጥያቄ አስቀድሞ የሚያስጽፈው፣ ስልክ ደውሎ «ተው» የሚለው። በፋና ይተላለፍ የነበረው «ምን ልታዘዝ» አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብሎ የአገሩን ፖለቲካ ሲያሳይ ሕዝቡ ስቋል፤ የሳቀው ነገሩ ቀሎበት ሳይሆን ስላወቀው ነው።

ቀልድ የሚያስቆጣቸው ሰዎች በአሜሪካም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 መርፊ ያለ ባል ልጅ ስትወልድ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዳን ኩዌል በንግግሩ ድራማውን በስሙ ጠርቶ ነቀፈ፤ የአባትን ቦታ ታሳንሳለች አለ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ መርፊ በድራማው ውስጥ ባለው የዜና ፕሮግራሟ ቀርባ መልስ ሰጠች፤ ልዩ ልዩ ዓይነት ቤተሰቦችንም ለተመልካች አስተዋወቀች። ድራማው ከዚያ በኋላ ሌላ 6 ዓመት ገደማ ቆየ። ቁም ነገሩ ማን ትክክል ነበር የሚለው አይደለም። ባለሥልጣኑ ተናገረ፤ ወንበሩ ግን አልተወሰደም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «የሄደችው ከተመለሰች የገባችው የት ትሂድ?» ይባላል። የሥራ ቦታ በጠበበበት ከተማ ይህ የሐሜት ጥያቄ አይደለም። መርፊ ብራውን ለዚህ መልስ አላት። ተተኪዋ ኮርኪ አልተባረረችም። ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ጎን ለጎን ሠሩ፤ ተጣሉ፣ ተማማሩ። አንጋፋዋ መጠየቅ ታውቃለች፤ ወጣቷ አድማጩ የት እንዳለ ታውቃለች። አንዷን ለማስገባት አንዷን የሚያስወጣ ጣቢያ ሁለቱንም ያጣል።

መመለስ ሁሌ ይሳካል ማለትም አይደለም። ድራማው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ20 ዓመት በኋላ ተመልሶ ከ13 ክፍሎች አላለፈም። ያን የወሰነው ግን የስልክ ትእዛዝ አልነበረም፤ ተመልካች በማነሱ ነው። ጋዜጠኛም እንዲህ ብትመዘን ቅር አይላትም። ቅር የሚያሰኘው ሳይመዘኑ መቅረት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። ጣቢያዎች ከተባባሪ አዘጋጆች ጋር ሲዋዋሉ ለወሊድ፣ ለሕመምና ለእስር የመመለሻ አንቀጽ ያስገቡ፤ ስድስት ወር ይሁን ዓመት፣ በጽሑፍ ይሁን። ጣቢያው ሰዓቱን በጊዜያዊነት ይስጥ እንጂ አይሽጠው። የቆየችው ጋዜጠኛ የሠራቻቸው ቃለ ምልልሶች ከነስሟ ይቀመጡ። ተከስሳ ነጻ የወጣችን ጋዜጠኛ «ችግር አለባት» ብሎ መግፋት ይቁም። ጸሐፊዎችና ፕሮዲዩሰሮችም ካሜራቸውን ከአዲስ አበባ ሳሎን አውጥተው ወደ ሶዶ ይዝለቁ።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል የአገሬው ሰው። ወላይታ ግን ሌላም ልማድ አለው። በዘመን መለወጫው በግፋታ ዕዳ ይከፈላል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ሚዲያውም ለሴት ጋዜጠኞቹ ያለበት ዕዳ አለ፤ የሚከፈለውም በሽልማትና በምስክር ወረቀት አይደለም። ዕዳው የሚከፈለው ጋዜጠኛዋ በሩን ከፍታ ስትገባ «ወንበርሽ ይኸውልሽ፤ ለሦስት ሰዓት ዜና ምን ይዘሻል?» የሚላት ሰው ሲገኝ ነው።