ቬኒስን በብርድ ወራት

«ክረምት» የሚለው ቃል ለእኛ ዝናብን፣ ጭቃንና የወንዝ ሙላትን ያስታውሰናል። አውሮፓውያን ክረምት የሚሉት ወቅት ግን የእኛ በጋ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ቀኑ የሚያጥርበት፣ ፀሐይ የምትደበዝዝበትና ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አገር ለማየት የሚነሣ መንገደኛ በአብዛኛው ይህን ወቅት ይሸሻል፤ ጉዞውንም ከወራት በፊት አስቦና አቅዶ በሐምሌና በነሐሴ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ግን ቢያንስ አንዲት ከተማ፣ የኢጣልያዋ ቬኒስ፣ ለዚህ ልማድ አትገዛም። ቬኒስን ማየት የሚሻ ሰው በብርድ ወራት፣ ያውም ዓርብ ማታ አስቦ ቅዳሜ ጧት ቢነሣ፣ ለራሱም ለከተማይቱም ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ የከተማይቱን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ቬኒስ ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳር ውሃ ላይ፣ ከ100 በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች የተመሠረተች፣ ከ400 በላይ ድልድዮች ያሏት ከተማ ናት። በውስጧ መኪና አይሄድም፤ ሰው የሚንቀሳቀሰው በእግሩ ወይም በጀልባ ነው። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ ግራና ቀኙ ውሃና ጥንታዊ ሕንፃ ስለ ሆነም ሊሰፉ አይችሉም። በሞቃቱ ወራት ግን ጧት መጥቶ ማታ የሚመለስ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይጎርፍባታል። በዚህ መካከል ነዋሪው እየተመናመነ ሄዷል። በ1951 በጥንታዊቷ ከተማ ወደ 175,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖር ነበር፤ በ2022 ግን ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። የቤት ኪራይ መወደድ፣ የሥራ ወደ የብስ መሸሽና መኖሪያ ቤቶች ለጎብኚዎች መከራየታቸው ለዚህ ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው። ነዋሪ ሲጠፋ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፤ በምትኩም የጌጣጌጥ ሱቅ ይከፈታል። እንዲህ እየሆነ ከሄደ ከተማይቱ ሰው የሚኖርባት ሳትሆን ሰው የሚያያት ብቻ ትሆናለች።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ሲባል እንሰማለን። በቬኒስ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣው እንግዳ መንገዱን ያጣብባል፤ ለከተማይቱ የሚተወው ጥቅም ግን ጥቂት ነው። ሦስት ሌሊት የሚያድረው በአንጻሩ ከሆቴሉ፣ ከምግብ ቤቱና ከጫማ ሰፊው ጋር ይገናኛል። የከተማይቱ አስተዳደርም ይህን ልዩነት ተገንዝቦ በ2024 ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉ የተመረጡ ቀናት ለቀን ብቻ ከሚመጡ ጎብኚዎች 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረ፤ በከተማይቱ የሚያድሩትን ግን ከዚህ ክፍያ ነጻ አደረገ።

በብርድ ወራት የሚመጣ መንገደኛ ሌላ ቬኒስ ያገኛል። ጉሙ ሲወርድ የድልድዩ ወዲያኛው ጫፍ ይሰወራል፤ የሰውም ኮቴ ከሩቅ ይሰማል። በሪያልቶ የዓሣ ገበያ አሮጊቶች ከነጋዴ ጋር ዋጋ ሲከራከሩ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች በየሰፈሩ አደባባይ ኳስ ሲያንከባልሉ ይታያሉ። በብርዱ መግቢያ፣ በኖቬምበር 21 ቀን፣ ነዋሪዎቹ የራሳቸው የሆነ በዓል ያከብራሉ። በ1630 እና በ1631 ከተማይቱን የፈጀው ቸነፈር እንዲወገድ በተደረገው ስእለት መሠረት በማርያም ስም ቤተ ክርስቲያን ታንጿል፤ ሕዝቡም በየዓመቱ በታላቁ ቦይ ላይ በተዘረጋ ጊዜያዊ ድልድይ ተሻግሮ በዚያ ሻማ ያበራል። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ኅዳር 12 ላይ ይውላል። በአገራችንም በዚሁ ቀን፣ በ1918 የገባውን የኅዳር በሽታ በማሰብ፣ በየደጁ ቆሻሻ ተቃጥሎ ሰፈሩ ይታጠናል። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ መቅሠፍታቸውን በአንድ ቀን ያስባሉ። ይህን የመሰለውን ነገር በነሐሴ ግርግር መካከል ማን ያስተውለዋል?

ጉዞው ስለምን ድንገተኛ ይሁን? የቬኒስ መልክ ከአየሩና ከባሕሩ ጋር የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ነው። ባሕሩ ይሞላ እንደ ሆነ፣ ሰማዩም ይጠራ እንደ ሆነ በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው፤ ከስድስት ወር በፊት ቀን የቆረጠ ሰው ግን የመጣውን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። እርግጥ ነው፣ ቪዛ መጠየቅ ላለበት የአዲስ አበባ ነዋሪ እንዲህ ያለው ጉዞ አይቻልም። በሚላኖ ለሚኖር ወገናችን ግን ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይወስድበታል፤ ከጣቢያውም ሲወጣ ታላቁን ቦይ ከፊቱ ያገኘዋል።

ተቃዋሚዎች በብርድ ወራት ከተማይቱ በውሃ እንደምትጥለቀለቅ ያስታውሳሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በኖቬምበር 1966 ባሕሩ ከመለኪያው መነሻ በላይ 194 ሳንቲ ሜትር፣ በኖቬምበር 2019 ደግሞ 187 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከፍ ያለ ጉዳት አድርሷል። ይሁን እንጂ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ 78 ተንቀሳቃሽ የብረት መዝጊያዎች ባሕሩ ወደ ከተማይቱ የሚገባባቸውን ሦስት በሮች፣ ብርቱ ሙላት ሲመጣ፣ ይዘጋሉ። መለስተኛው ሙላት ዝቅተኛውን የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሊያረጥብ ይችላልና መንገደኛው ትንበያውን ማየትና ውሃ የማያስገባ ጫማ መያዝ ይኖርበታል። ድንገተኛነትና ግድየለሽነት አንድ አይደሉም።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን በስጦታ ይዘው ቬኒስ ደርሰው ነበር። በ1450 ገደማም ፍራ ማውሮ የተባለ የከተማይቱ መነኩሴ የዓለምን ካርታ ሲሥል ስለ አገራችን የጻፈውን ከኢትዮጵያውያን ካህናት ጠይቆ ተረድቷል። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ የተሣለ ስለ ሆነ ኢትዮጵያን የሚፈልግ ተመልካች ቀና ብሎ ማየት አለበት። ዛሬም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በእንዲህ ያለ ሥራ ፊት ረጋ ብሎ ለመቆም የብርድ ወራት ጸጥታ ይመቻል።

«ሁሉም ምክርህን ሰምቶ በብርድ ቢመጣ፣ ብርዱስ እንደ ሐምሌ አይጨናነቅምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በካርኒቫል ሰሞን፣ በየካቲት አካባቢ፣ ከወዲሁ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ወሩን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። መንገደኛው በከተማይቱ ይደር፤ ከነዋሪው ተነጥቆ ለእንግዳ በተከራየ ቤት ሳይሆን በሆቴል ይረፍ፤ ነዋሪው በሚገዛበት ሱቅ ይግዛ፤ በጠባቡ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ሥራው የሚሄደውን ሰው አያግድ። ቬኒስ ውስጥ ምድጃ የሚያነድ ነዋሪ እስካለ ድረስ እንግዳ የሚቀበል ባለቤት አለ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ሲጠፋ ግን የሚጎበኘው ባዶ ቤት ነው።