«ከሄዱ አይቀር» ይቅር

በቋንቋችን ውስጥ ብዙ ኪስ ያራቆተች፣ ብዙ ጉዞ ያበላሸች አንዲት አጭር ሐረግ አለች። «ከሄዱ አይቀር» ትባላለች። ከሄዱ አይቀር ፓሪስን ማየት ነው፤ ከሄዱ አይቀር በብራሰልስ በኩል አምስተርዳም ብቅ ማለት ነው፤ ከሄዱ አይቀር በርሊንንም መርገጥ ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህችን ሐረግ ለመክሰስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጄን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓን ለማየት አራት ዓመት ቈጥቤአለሁ። ቁጠባው የባንክ ጸሐፊ ቁጠባ ነውና ብዙ አያስወራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የቈጠብሁትም ገንዘብ፣ በዶላር ሲመነዘር፣ በቈጠብሁበት ቦታ ተቀምጦ ወደ ግማሽ ወረደ። የተረፈውን ይዤ ዕቅድ አወጣሁ፦ አንድ ከተማ፣ ሰባት ቀን፣ ሮም።

ይህን ዕቅድ ለሥራ ባልደረቦቼ ባዋየሁ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር። «ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ከተማ? ምነው አንተ! ቪዛው ከተገኘ ሃያ ዘጠኝ አገር ያስገባል እኮ። ከሄድክ አይቀር ልጅቱን አምስቱን አሳያት እንጂ!» ሁሉም የተናገሩት በፍቅር ነው። ስሕተት ግን በፍቅር ሲነገር ይበልጥ ያሳስታል።

በመጀመሪያ በሒሳብ እንነጋገር፤ ሙያዬ ነውና። በዐሥር ቀን አምስት ከተማ ያየ ሰው አራት ጊዜ ይዛወራል። መዛወር ማለት ዕቃ መሸከፍ፣ ጣቢያ መድረስ፣ ባቡር መጠበቅ፣ በማያውቁት ከተማ ማደሪያ ፈልጎ ማግኘት ነው። ለእያንዳንዱ ግማሽ ቀን ቢታሰብ ሁለት ቀን ሄደ። የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሲደመርበት ከዐሥሩ የሚተርፈው ስድስት ነው፤ ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት! ለዚያውም የባቡሩን ዋጋ ከፍለን፣ ልጅቱን በድካም አስለቅሰን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው አባባል የተነገረው እንዲህ ላለው መንገደኛ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ቪዛው ነው። እኔ በመስኮቴ በኩል በየዕለቱ የሒሳብ መግለጫ፣ በባንክ ቤት ቋንቋ «ስቴትመንት»፣ እያተምሁና ማኅተም እየመታሁ እሰጣለሁ። ስለዚህም የዚህን ወረቀት ምሥጢር አውቃለሁ። ከማመልከቻው ሳምንት በፊት በብድር የገባ ገንዘብ፣ ከማመልከቻው ሳምንት በኋላ ተጠራርጎ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው «ከሄዱ አይቀር» ካለው ሰው ዘንድ ነው፤ አምስት አገር የሚያስዞር ሒሳብ የለውምና ያለው ለመምሰል ይበደራል። በብድር ገንዘብ የተሠራ ስቴትመንት ግን ቀኑን በግልጽ ይናገራል፤ አንባቢውም ሞኝ አይደለም። የአንድ ከተማ ዕቅድ እንዲህ ያለ ማስመሰል አያስፈልገውም፦ አንድ የደርሶ መልስ ትኬት፣ አንድ ማደሪያ፣ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ መድን ለየራሳችን፣ የልጅቱ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የእናቷ ስምምነት፣ በመጨረሻም የእኔው እውነተኛ ደመወዝ።

ክፍያውም ቀላል አይደለም። ከሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 45 ዩሮ ሆኗል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ በመደበኛው 15 ቀን ሳይሆን በ45 ቀን እንዲታይ ወስኗል። ስለዚህ መጠበቅም ወጪ ነው፤ ዕቅድ ሲወጣ ይህም ከሂሳቡ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። ለምን አንድ ከተማ? ደግሞስ ለምን ሮም?

ሥነ ጽሑፍ ወዳድ አንባቢ ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ። አምስት መጻሕፍትን ገልጦ ሽፋናቸውን ያየ ሰውና አንዱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ማን ነው አንባቢ የሚባለው? ከተማም እንዲሁ ነው። ልጅ ደግሞ የምታነበው ቀድሞ የሰማችውን ነው። ልጄ ስለ አይፍል ግንብ የምታውቀው ቁመቱን ብቻ ነው። ሮም ውስጥ ግን የእኛው ታሪክ ገጾች ተበታትነዋል፤ አብዛኞቹንም ለማንበብ ትኬት አያስፈልግም።

ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው ባቡር የሚያወርደን ቴርሚኒ በተባለው ዋና ጣቢያ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣልያን ጦር ነው። ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የእነርሱ መታሰቢያ የሆነ ሐውልት ቆሟል። በወረራው ዘመን ከለገሃር ተነቅሎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በቁጣ ነደደ የሚባለውም በዚሁ ስፍራ ነው። ልጄ አንበሳውን ለገሃር ቆሞ አይታዋለች። እስረኛ ሆኖ የኖረበትን ቦታ ስታይ ምን እንደምትለኝ ለመስማት እጓጓለሁ።

ሌላው ገጽ በጥንቱ የፈረስ ግልቢያ ሜዳ ጫፍ፣ ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ ነው። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። እንዲመለስ በ1947 የሰላም ውል ተፈረመ፤ የተመለሰው በ2005፣ በእኛ 1997 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት! ዛሬ በስፍራው ሐውልቱ የለም። ባዶ ቦታ ለማየት ይህን ያህል መንገድ ይኬዳል ወይ ያለኝ ባልደረባ አለ። አዎን ይኬዳል። የተሰጠ ቃል ሳይፈጸም ስንት ዘመን እንደሚቆይ፣ የጠየቀ ግን በመጨረሻ እንደሚያገኝ ለልጅ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ባዶ ቦታ አላውቅም። ከባዶው ቦታ ጎን ያለው ትልቁ ሕንፃ ደግሞ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ነው፤ ሲወጠን ግን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ነበር።

ከዚያ በእግር ወደ ላተራኖ ቅዱስ ዮሐንስ ስንወጣ «የአምባ አራዳም ጎዳና»ን እናገኛለን። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተመታበት ተራራ ስም ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላ ጣልያንኛ አዲስ ቃል አገኘ፦ «አምባራዳን»፤ ትርጉሙ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። ብዙ ጣልያናዊ ቃሉን ሲናገር የሰው ሞት እንደተቀበረበት አያስብም። ቃል እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እንደሚረሳ ለልጄ ለማሳየት ከዚህ ጎዳና የተሻለ መምህር ከወዴት አመጣለሁ?

ይህን የሰማ ወዳጄ «ታዲያ ልጅቱን ቂም ልታስተምራት ነው?» አለኝ። አይደለም። በዚሁ ከተማ ሌላ ገጽም አለና። በ1513 (እ.ኤ.አ.) ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በፊደላችን አሳተመ፤ የእኛ ፊደል በማተሚያ ቤት ቀለም የነካው በሮም ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላም አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ይኖሩበት የነበረው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ አለ። እንደ ልብ የሚገባበት ባይሆንም፣ አደባባዩ ላይ ቆሜ «ከዚያ ጀርባ የእኛ መነኮሳት ማደሪያ ነበር» ብዬ በጣቴ አመለክታታለሁ። የተዋጋንም፣ የተማርንም፣ ያስተማርንም መሆናችንን አንድ ከተማ ላይ አንብባ ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጄላቶዋን ትበላለች፤ ቂም ያለበት ሰው ጄላቶ አያጣፍጥለትም።

ስለ ወጪው ዝም ብዬ አላልፍም፤ የድሃ ጉዞ በዝርዝር ነው የሚቃናው። የሮም አውቶቡስና ሜትሮ ዐሥር ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ ያሳፍራል፤ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ዐሥር ትሞላለችና የምንሄደው ዘንድሮ ነው። የጣልያን መንግሥት ሙዚየሞችና ቅርሶች፣ ኮሎሲየም ጭምር፣ ከ18 ዓመት በታች ያለውን በነጻ ያስገባሉ፤ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ደግሞ አባቱንም ጭምር። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግቢያ አያስከፍልም። በከተማው ከ2,000 በላይ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች ቀን ከሌሊት ንጹሕ ውኃ ያፈሳሉ፤ ጠርሙስ ይዞ መውጣት ነው። ቡና ቆመው ከጠጡ ርካሽ ነው፤ ከተቀመጡ ወንበሩም ይከፈልበታል። ፒሳ በሚዛን ተቆርጦ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። ከቤት ቆሎና ዳቦ ቆሎ እንይዛለን፤ ቋንጣና ቅቤ ግን እንተዋለን፤ ሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ክልክል ነውና።

ጊዜውስ? ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አውሮፓ ሙቀቱም ዋጋውም ጣራ ይነካል። እኔ የመረጥሁት የወሰነ ትምህርቱን መለያያ ዕረፍት ነው። በጥር መጨረሻና በየካቲት ሮም ቀዝቃዛ ናት፤ የማደሪያ ዋጋም ቀዝቃዛ ነው። የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ማለዳ የለመደች ልጅ ወፍራም ካፖርት ከለበሰች አትጎዳም።

ይህንን ሁሉ ያሰፈርሁት በልጄ ፊት ነው፤ ደብተሩን የያዘችውም እርሷ ናት። በግራ የምናየው፣ በቀኝ የምናወጣው። ባልደረቦቼ ይህንንም አልወደዱትም። «ልጅ ስለ ገንዘብ ምን አገባት፤ ድህነትን ለምን ታሳያታለህ?» አሉኝ። እኔ ግን እላለሁ፦ ልጅን የሚጎዳው ጥቂት ገንዘብ ሳይሆን፣ ጥቂት መሆኑን ለመደበቅ አባቷ የሚሮጠው ሩጫ ነው። «ከሄዱ አይቀር» የተባለችው ሐረግ ሥሯ ሲመዘዝ ስግብግብነት አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ዳግመኛ እንደማንሄድ ስለምናውቅ፣ አለማወቃችን እንዳይታወቅብን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመዋጥ እንሞክራለን። ሳይኝኩ መዋጥ ግን ሆድ ያሳምማል እንጂ አያጠግብም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ይህንንም ለልጄ ነግሬአታለሁ። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ደብተሩስ?» አለችኝ። «ደብተሩ የአንቺ ነው» አልኋት። «እንግዲያው ለሚቀጥለው እናስቀምጠዋለን፤ ግን የአውቶቡሱን ሒሳብ አስተካክላለሁ፤ ዐሥር እሞላለሁ» አለችኝ። በሕይወቴ ያየሁት ከሁሉ የታመነ የሒሳብ መግለጫ ይህ ነው።

እናንተም ልጃችሁን ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ፣ ኪሳችሁ እንደ እኔ የሳሳ፣ አንድ ከተማ ምረጡ፤ ለልጃችሁ ተረቱን ቀድማችሁ ንገሩ፤ ሐረጊቱን ግን ቤት ትታችሁ ሂዱ። ለመሰናበቻ ለልጄ የጻፍሁላትን ስንኝ ልተውላችሁ።

ገላጭ እንደ ነፋስ ገጹን አገላብጦት፣
ርእሱን ያወራል ታሪኩ አምልጦት።
እኛ ግን ልጄ ሆይ አንድ ገጽ ይበቃናል፤
ቀስ ብለን ስናነብ እርሱም ያነብበናል።
ኪሳችን ቢሳሳ አያፍርም እግራችን፤
ደሃ አያሰኘንም ጥቂት ማየታችን።

ቸር እንሰንብት።