ብቻውን ለመሆን የሚችለው ማነው?

ተፈጥሮን ፍለጋ ወጥቶ ያየውን ለዓለም የሚያሠራጭ ሰው ዛሬ የተግሣጽ ዒላማ ሆኗል። «ጸጥታን የሻተ ስልኩን ይዝጋ» ይባላል። ተግሣጹ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ብቻውን መሄድ ከማያስፈራው ሰው ነው።

ጆሐንስበርግ ይህን ታጋልጣለች። ዛሬ ራሂማ ሙሳ በሚባለው በቀድሞው ጄፒ ጎዳና፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በየፎቁ በተሸነሸኑ ጠባብ ሱቆች ቀኑን ሙሉ ይነግዳሉ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ጥብቅ ስፍራ የተባለው የሜልቪል ኮረብታ አለ፤ የጥንት ብረት ማቅለጫ ምድጃ የተገኘበት ድንጋያማ ሸንተረር ነው። ስፍራውን የሚያውቁ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ግን «በቡድን ሂዱ» የሚል ነው፤ ዘራፊ አለና። እዚያ ሲወጣ ያለበትን ቦታ በስልክ ለወንድሙ የሚልክ ነጋዴ ከንቱ ውዳሴ ፈላጊ አይደለም። ስልኩ ከተማው ያልመደበለት ጠባቂ ነው።

ይህ መከላከያ ግን ለሁሉም አይሠራም። ለአንድ የታመነ ሰው መንገርና ለማያውቁት ሺዎች መበተን ልዩ ልዩ ድርጊቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት አራዊት የታዩበትን ቦታ በቅጽበት የሚያሳውቁ የስልክ መተግበሪያዎችን ተቃውሟል፤ አሽከርካሪዎች ወደ አንበሳው ሲሽቀዳደሙ ሌላው እንስሳ በጎማ ሥር ይወድቃልና። የአውራሪስ ፎቶግራፍ ቦታውን ይዞ ሲወጣ ደግሞ ለሕገወጥ አዳኝ መሪ ይሆናል። አይናቹራሊስት የተሰኘው የምዝገባ መድረክ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ስፍራ የሚያደበዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

የብሕትውናን ትውፊት ለተግሣጹ ምስክር አድርገው የሚጠቅሱም አሉ። ትውፊቱ ግን እንደሚሉት አይደለም። ባሕታዊው ዋሻ ቢገባም ደቀ መዝሙር ነበረው፤ ያለበትን የሚያውቅ፣ ቆሎና ውኃ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም ነበር። ገድሉን ግን እርሱ ራሱ በየዕለቱ አይጽፍም፤ የሚጽፉት ሌሎች ነበሩ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ካረፈ በኋላ። ዛሬ የተገለበጠው ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ መንገደኛው ጫፉ ላይ ሳይደርስ ገድሉ ታትሟል። (ወቀሳ ካስፈለገ ወደዚህ ቢዞር ይሻላል።)

ስለዚህ ክርክሩ ከግለሰቡ ጠባይ ወደ ከተማው በጀት መሻገር አለበት። ብቻነት አጥርና የግል ጥበቃ ላለው ሰፈር ነዋሪ በገንዘብ የሚገኝ፣ ለሱቅ ሠራተኛው ግን በዕድል የሚገኝ ነገር ሆኖ ሊቀር አይገባም። በየሸንተረሩ መንገድ የሚዘዋወር ጠባቂ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሠራተኛው ነጻ በሚሆንበት ሰዓት፣ ከቅዳሴ መልስ ባለችው የእሑድ ከሰዓት ጭምር ሊገኝ ይገባል።