የባዝራዋ ስም ማን ነው?

አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ መላ። የቴዎድሮስን፣ የዮሐንስን፣ የምኒልክን፣ የአሉላንና የሀብተ ጊዮርጊስን የፈረስ ስም የማያውቅ የዚህ ቻናል ተከታታይ ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤኒሻንጉል ያለን ደግሞ አባ ቃኘውን አንረሳም፤ ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም ጦር እየመሩ ወደዚህ ዘምተዋልና። ይኸው የፈረስ ስም በ1943 ዓ.ም ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ተሰጠ፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ጣቢያም ቃኘው ተባለ።

እስቲ ከእነዚህ ፈረሶች የአንዱን እናት ስም ንገሩኝ።

እንግሊዞች የእናትን ስም ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ባለቤት በንግሥት ሜሪ ስም፣ አስኮት በተባለው ሜዳ አንድ ውድድር ጀመሩ። የሚሮጡት የሁለት ዓመት ሴት ፈረሶች ብቻ ናቸው። ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። የዚያች ደቂቃ ዋጋ ግን ለትውልድ ይቆያል፤ የማን ዘር ይቀጥል የሚለው የሚለየው በእንዲህ ዓይነት ውድድር ነውና።

በ2003 ያሸነፈችው አትራክሽን የፊት እግሮቿ ጠማማ ነበሩ። አይታችሁ ብትገዙ ኖሮ ለጋሪም አትመርጧትም። በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝንም የአየርላንድንም ትልልቅ የባዝራ ውድድሮች ጠቀለለች። በ2016 አንድ ልጇ በጨረታ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። አባቱ ያልተሸነፈው ፍራንክል መሆኑ ዋጋውን ሰቅሎታል፤ ገዢው ግን የእናቱንም ታሪክ አንብቦ ነው የከፈለው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለን። ተመራማሪዎች ሰላሌን፣ ሆሮን፣ ባሌንና ከፋን ጨምሮ 8 ዓይነት ለይተዋል። እንጅባራ ላይ ደግሞ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሜዳውን በፈረስ ይሞላዋል። ያማረ በዓል ነው። ዓይናችን ግን ጋላቢውና ጌጡ ላይ ነው። ጎበዟ ባዝራ ሳትታወቅ ጋሪ ስትጎትት ብታረጅ ማን ልብ ይላል?

ከአሶሳ ሆኜ ስለ ፈረስ መጻፌ የሚያስቃችሁ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ገንዲ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ባለበት ፈረስ አይበረክትም፤ እዚህ ሸክሙ የአህያ ነው። ነገር ግን መተከላችን ከአዊ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ አገው በሁለቱም ወገን አለ። የእንጅባራው ሜዳ ጉዳይ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ጥር 23 ላይ ለለጋ ባዝራዎች ብቻ አንድ አጭር ሽምጥ ይጨመር። እንግሊዞች በሁለት ዓመቷ ማሮጣቸውን አልወድላቸውም፤ አጥንቷ ገና ነው። የእኛዎቹ አራት ዓመት ይሙላቸው፣ ያረገዘች አትግባ። ያሸነፈችው ስሟ፣ የእናቷ ስም፣ ቀበሌዋና የባለቤቷ ስም ደብተር ላይ ይስፈር። ውርንጭላዋም ሲወለድ እዚያው ደብተር ላይ፣ ከእናቱ ስም ሥር ይመዝገብ።