ደሞዝተኛ ምስክር

አፕል እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽን ለገበያ ሲያቀርብ በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ። የኩባንያው ሠራተኛ ጋይ ካዋሳኪና ባልደረቦቹ የሶፍትዌር ድርጅቶችን ደጅ እየጠኑ፣ ገና በቂ ገዢ ላላገኘ ኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲጽፉ ያግባቡ ነበር። የሥራ መጠሪያቸው ኢቫንጀሊስት፣ የምርት ሰባኪ ማለት ነው። ካዋሳኪ የአፕል ሰው መሆኑን ማንም ያውቅ ስለነበር የሚያሞግሰውን ነገር ሰሚው በዚያው መጠን እየቀነሰ ይሰማው ነበር።

ከእሱ በኋላ የተስፋፋው አሠራር ግን ይህን ግልጽነት አጥቷል።

ፕሮግራመር ሻጭን ይጠረጥራል፤ ኮድ የሚጽፍ የሙያ ባልደረባውን ግን ያምናል። ኩባንያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ኮድ መጻፍ የሚችል፣ አንደበቱ የተባ ሰው ይቀጥሩና ወደ ፕሮግራመሮች ጉባኤዎችና ውድድሮች ይልኩታል። እንደ ባልንጀራ ይቀርባል፣ እንደ ባልንጀራ ይመክራል። ደሞዙን የሚከፍለው ግን የሚመክርለት ምርት ባለቤት ነው። የሙያ መተማመን ለገበያ የሚቀርበው እንዲህ ነው።

ይህ ሐሜት አይደለም። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በማይክሮሶፍት ላይ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት የተቋጨው የኮምስ ክስ፣ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች አደባባይ አውጥቷል። ከእነዚህ መካከል ጄምስ ፕላሞንደን የተባለ የኩባንያው ሰባኪ በ1990ዎቹ ለባልደረቦቹ ያዘጋጀው ሥልጠና ይገኝበታል። ገለልተኛ የሚባሉ አማካሪዎች ለኩባንያው የሚያደላ ጽሑፍ እንዲጽፉ፣ የተንታኞች ሪፖርት ምርቱን እንዲያወድስና ተፎካካሪውን እንዲያወግዝ፣ የጉባኤ ውይይቶችም ተወያዮቻቸው አስቀድመው ተመርጠው እንዲካሄዱ ይመክራል። ፕሮግራመሮችን ደግሞ የቼዝ ወታደሮች ያደርጋቸዋል፤ ያለ እነሱ ማሸነፍ አይቻልም፣ መጫወቻ መሆናቸው ግን ሊሰማቸው አይገባም። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ይኖራል?

ጉዳቱም በተጨባጭ የታየ ነው። ማይክሮሶፍት ሲልቨርላይት የተባለውን የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው ኤንቢሲ የቤጂንግ ኦሊምፒክን በኢንተርኔት ሲያስተላልፍ የተጠቀመው በዚሁ ነው። ቴክኖሎጂው በየመድረኩ የወደፊቱ መንገድ ተብሎ ተሰበከ፤ ፕሮግራመሮችም ጊዜያቸውን ሰጥተው ተማሩት፣ የመሥሪያ ቤቶቻቸውን ሥራ ገነቡበት። በጥቅምት 2010 የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ ቦብ ማግሊያ ስልታቸው መቀየሩን፣ ሁሉም መሣሪያዎች ላይ የሚደርሰው የድረ ገጾች የጋራ ቋንቋ የሆነው ኤችቲኤምኤል መሆኑን ለጋዜጠኛ ተናገረ። የሲልቨርላይት የመጨረሻው ዋና እትም በ2011 ማብቂያ ወጣ፣ ድጋፉም በ2021 ተቋረጠ። ሰባኪ ምርቱ ሲሞት ሌላ ምርት ይዞ ወደ መድረክ ይመለሳል። ሰምቶት የገነባው ፕሮግራመር ግን ማንም የማይፈልገውን ኮድ ታቅፎ ይቀራል፤ ለአለቃውና ለደንበኛው መልስ የሚሰጠውም እሱ ብቻ ነው።

የዚህ አሠራር ተሟጋቾች፣ ሰባኪዎች የፕሮግራመሩን ቅሬታ ወደ ኩባንያው ያደርሳሉ ይላሉ። አንዳንዱ በእርግጥ ያደርሳል። ከ2003 እስከ 2006 በማይክሮሶፍት የሠራው ሮበርት ስኮብል የቀጣሪውን ምርቶች በአደባባይ ይነቅፍ፣ የተፎካካሪንም ያደንቅ ነበር፤ በዚህም ተከበረ። ነገር ግን ይህ የአንድ ሰው ድፍረትና የአንድ ቀጣሪ ትዕግሥት ውጤት ነው። ሰባኪው በገበያ ክፍል ሥር ሆኖ የሥራው ፍሬ በተመዘገቡ ተጠቃሚዎች ቁጥር እስከተለካ ድረስ፣ «ይህ ለእናንተ አይሆንም» ያለ ዕለት የራሱን ግምገማ ያበላሻል።

መለወጥ ያለበት ይህ ነው። ሰባኪው ምርቱን ለሚሠሩት መሐንዲሶች ተጠሪ ይሁን፤ የምርቱን ድክመት የመናገር ነፃነቱም በውሉ ይስፈር። ምርቱ ሲዘጋም ለፕሮግራመሩ መውጫ ይኑረው። ፌስቡክ በጥር 2016 ፓርስ የተባለውን የፕሮግራመሮች አገልግሎት እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቷል፤ አገልግሎቱን ማንም በራሱ ሰርቨር እንዲያስኬደው ኮዱን ለቋል፣ መረጃ ማዛወሪያም አቅርቧል። እንዲህ ያለው መውጫ በጽሑፍ ሊቀመጥ የሚገባው ግን በመዝጊያው ሰሞን ሳይሆን፣ ፕሮግራመሩ የመጀመሪያዋን የኮድ መስመር ከመጻፉ በፊት ነው። ይህን ዋስትና ከቀጣሪው ማግኘት ያልቻለ ሰባኪም አለማግኘቱን መድረኩ ላይ ቆሞ ይናገር።