ማሳሰቢያ፦ የሳንባ ግፊት ላለባችሁና ለአስታማሚዎቻችሁ

«የሳንባ ግፊት አለባችሁ» ተብላችሁ በልብ ክሊኒክ የምትከታተሉ ሁሉ ይህን አንብቡ። ጉዳዩ ክንድ ላይ ስለሚለካው የደም ግፊት አይደለም፤ ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ደም በሚወስዱት ቧንቧዎች ውስጥ ስላለው ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ላብራቶሪ ገብቶ «ደምህ ሙሉ ነው» ከተባለ ተደስቶ ይመለሳል። ሄሞግሎቢን ሙሉ ሆኖ ሳለ ግን ሰውነት ብረት ሊያጣ ይችላል።

ይህ ጎልቶ የሚታየው የልብ ክፍተት ይዘው ተወልደው፣ ሳይጠገንላቸው ባደጉ ሰዎች ላይ ነው። ኦክስጅን ስለሚያንሳቸው መቅኒያቸው ቀይ የደም ሴል ያለ ዕረፍት ያመርታል። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል፣ የሄሞግሎቢናቸው ቁጥር ከጤነኛ ሰው ይበልጣል፤ የብረት ክምችታቸው ግን በዚሁ ምርት ይሟጠጣል። ቁጥሩን ሰምቶ «ደም በዝቶብሃል፣ ዋግምት ይሻልሃል» የሚል መካሪ አይጠፋም። እባካችሁ እሺ አትበሉት! ግማሽ ሊትር ደም ሲወጣ 200 ሚሊግራም ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ብረት አብሮ ይወጣል። በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ በተደጋጋሚ ደም መቀነስ የሚያመጣው የብረት እጥረት ለስትሮክ ያጋልጣል። ሆስፒታል ውስጥም ቢሆን ደም የሚቀነሰው ከመወፈሩ የተነሳ ምልክት ሲያሳይ፣ ያውም ፈሳሽ እየተተካ ነው።

ብረት ማጣት ሳንባን የሚጎዳበት መንገድም ይታወቃል። ሴሎቻችን የኦክስጅንን መጠን የሚያውቁበት ኢንዛይም ያለ ብረት አይሠራም። ብረት ሲጎድል ኦክስጅን የጎደለ ያህል ይሆንና የሳንባ ቧንቧዎች ይጠባሉ። በፔሩዋ ሴሮ ዴ ፓስኮ፣ 4,340 ሜትር ከፍታ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህን በሰው ላይ አሳይቷል፦ የቆየ የከፍታ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ደም ሲቀነስ የሳንባቸው ግፊት ጨመረ፤ ከዝቅተኛ ቦታ ለወጡ ጤነኛ ወንዶች ብረት በደም ሥር ሲሰጥ ደግሞ ቀነሰ።

ታዲያ በምን እንመን? የብረት ክምችትን ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የፌሪቲን ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ መቆጣት (ብግነት) ወይም ኢንፌክሽን ባለ ጊዜ ስለሚጨምር፣ ባዶውን ጎተራ ሙሉ ሊያስመስለው ይችላል። ሐኪማችሁን «ትራንስፌሪን ምን ያህል ብረት እንደተሸከመ ይታይልኝ» በሉት፤ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ እጥረትን ያመለክታል። በደም ውስጥ የሚንሳፈፈው የትራንስፌሪን ተቀባይ የሚባለው ሌላው መለኪያ በብግነት ብዙም አይታለልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከለንደን የወጣ ጥናት፣ የሳንባ ግፊት ካለባቸው ሰዎች መካከል ይህ መለኪያ ከፍ ያለባቸው ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳይቷል።

ይህን ያነበበ ሰው ወደ ፋርማሲ ሮጦ የብረት ኪኒን እንዳይገዛ አደራ እላለሁ። መለኪያው የሕመሙን ክብደት መናገሩ፣ ብረት መጨመር ዕድሜ ያስረዝማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች ብረት በደም ሥር የተሰጣቸው ሕሙማን ከ12 ሳምንት በኋላ የመንቀሳቀስ አቅማቸው እንዳልተሻሻለ አሳይተዋል። የ2022 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ መመሪያ እጥረቱ ደም ማነስ ካስከተለ ብረት እንዲተካ ያዛል፤ ደም ማነስ ከሌለ ውሳኔውን ለሐኪሙ ይተወዋል። በሕመሙ ጊዜ ሄፕሲዲን የተባለው ሆርሞን ስለሚበዛ በአፍ የተዋጠው ብረት ወደ ደም በደንብ ላይገባ ይችላል። በተደጋጋሚ ደም የተሰጠው ሰው ደግሞ ብረት ተርፎት ጉበቱንና ልቡን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑ ከታዘዘላችሁም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሕፃን ጥቂት ፍሬ ቢውጥ ሊሞት ይችላል።

ብረት የሚጎድልበት ምክንያትም ይፈለግ። በአገራችን ብዙ ሰው በቶንሲል መዘዝ ልቡ ተጎድቶ ለሳንባ ግፊት ይዳረጋል፤ ከእነዚህም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውንና ለመድማት የሚያጋልጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ። የወር አበባ ከበዛባችሁ፣ ድድ ከደማ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ለሐኪም ንገሩ፤ የብረት ኪኒንም ሰገራ ስለሚያጠቁር እየወሰዳችሁ ከሆነ አትደብቁ። ራስ ካሳታችሁ፣ እግር በድንገት ካበጠ ወይም ተቀምጣችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን የላብራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።