ሳይቃጠል በአረፋ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ ታናሽ እህቴ ቤት ነበርኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው የምትኖረው። ጋዝ አልቆባት ስለነበር ደውላ አዘዘች። ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን የወጣው ልጅ ትሁትና ቀልጣፋ ነበር። አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ቫልቩን ከፈተ። ከዚያ ከኪሱ ላይተር አወጣና ለኮሰ፤ እሳቱን ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያ አዞረው። ድንገት "ቡፍ" አለና ጣት የምታህል ሰማያዊ ነበልባል መጋጠሚያው ላይ ቆመች። ልጁ አልደነገጠም። ቫልቩን ዘጋ፣ እሳቱ ጠፋ። ሬጉሌተሩን ጠበቅ አደረገና ፈገግ ብሎ "አያችሁ፣ ሲያፈስ እንዲህ ነው የሚታወቀው" አለን።

እኔና እህቴ ተያየን። ልጁ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እኛ ግን ያን ማታ ወጥ ለመሥራት ልባችን አልቆረጠም፤ ዳቦ በሻይ በላን።

ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ሥራውን የለመደው ሌሎች ሲሠሩ አይቶ ነው፤ ምናልባትም ሌላ መንገድ ያሳየው የለም። እኛም ብንሆን ጋዝ የሸተተን ሲመስለን ክብሪት የሚፈልግ ሰው ከቤታችን አናጣም። የዛሬው ጽሑፌ ጭብጥ አንድ ነው፦ ጋዝ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በእሳት የመፈተሽ ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ይብቃ። ምትኩ የሳሙና አረፋ ነው። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ የሚወስደውም ሁለት ደቂቃ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር በቁጥር ላስረዳ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የፕሮፔንና የቡቴን ጋዞች ድብልቅ ነው። በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ስንወዘውዘው ውስጡ የሚንቦጫረቀው ለዚህ ነው። ከሲሊንደሩ ሲወጣ ግን ወደ ጋዝ ይቀየርና በጣም ይሰፋል። አንድ ሊትር ፈሳሽ በግምት 250 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ 2 በመቶ ገደማ ከደረሰ፣ ለመቀጣጠል የሚፈልገው አንዲት ብልጭታ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ትንሽ ወጥ ቤት አስቡ። ጎንና ጎኑ ሁለት ሁለት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል። ውስጡ 10 ሺህ ሊትር አየር አለ ማለት ነው። የዚህ 2 በመቶ 200 ሊትር ነው። 200 ሊትር ጋዝ ደግሞ አንድ ሊትር ከማይሞላ ፈሳሽ ይወጣል። አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚይዝ ሲሊንደር ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ፈሳሽ አለው። በሌላ አነጋገር፣ ያ ጥግ ላይ ቆሞ የምናየው ሲሊንደር ወጥ ቤቱን አደገኛ ለማድረግ ከሆዱ ሃያ አንድ እጁን እንኳ ማፍሰስ አይጠበቅበትም።

ይህም ስሌት ጋዙ ክፍሉን እኩል ይሞላል ብለን አስበን ነው። እውነታው ከዚህ ይብሳል። ሁለቱም ጋዞች ከአየር ይከብዳሉ፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ያፈሰሰው ጋዝ ወደ ላይ አይበንም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ በበር ሥር ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፣ የወለል ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥም ይገባል። እስቲ ቤታችን ውስጥ ወለል ላይ የምናስቀምጠውን እሳት አስታውሱ። የቡና ከሰል! እሑድ ከሰዓት ከሰሉን አቀጣጥለን፣ ዕጣኑን አጭሰን፣ ሲሊንደሩ አጠገብ ቁጭ ብለን ቡና የምናፈላ ስንቶች ነን?

"ኧረ እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በክብሪት ስትፈትሽ ምንም አልሆነችም" የሚል አይጠፋም። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የእናታችን ወጥ ቤት የት ነበር? ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ግቢ ውስጥ የተሠራ ማድ ቤት ነበር። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት፣ ከቆርቆሮውና ከግድግዳው መካከል ነፋስ እንደልቡ የሚገባበት። ያፈሰሰ ጋዝ ካለም የመውጣት ዕድል ነበረው። የዛሬው ወጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሽታው ሳሎን እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፣ ብርዱን ፈርተን መስኮቱ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ስቱዲዮ ውስጥማ ሲሊንደሩና አልጋው ጎረቤት ናቸው። ልማዱ አልተለወጠም፤ ቤቱ ግን ተለውጧል። በዚያ ላይ ግድግዳችን የጎረቤትም ግድግዳ ነው። የአንዱ ክብሪት የአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ክብሪት ሌላም ጉድለት አለው። ፍሳሹ ትንሽ ከሆነ ጋዙ በአየር ስለሚበተን እሳቱ ላያሳየው ይችላል። ስለዚህ "ለኩሰን አይተናል፣ ምንም የለም" ብለን እንተኛለን። ጋዙ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። አረፋ ግን ትንሿንም ፍሳሽ ፊኛ እየነፋ ያሳያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ጨምሩና በስፖንጅ እስኪያረፋ ምቱት። የምድጃውን ማዞሪያዎች በሙሉ ዝጉ፣ አካባቢው ላይ የሚነድ ነገር አለመኖሩን እዩ። ከዚያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ክፈቱ። አረፋውን ቫልቩ ላይ፣ ሬጉሌተሩ የተገጠመበት ቦታ ላይ፣ ጎማው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ምድጃው ጋ በሚገባበት ቦታም ቀቡት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አረፋው ባለበት ከቆመ ደህና ነው። እየተነፋ የሚያድግ ፊኛ ካያችሁ ያፈሳል፤ ቫልቩን ዝጉ። ሬጉሌተሩን ፍቱና ትንሿ የጎማ ቀለበት መኖሯንና አለመቀደዷን እዩ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ እንደገና አረፋ ቀቡ። አሁንም ካፈሰሰ ሲሊንደሩ ይመለስ። በጉልበት እያጠበቁ ማለፍ መፍትሔ አይደለም።

ይህ በየሲሊንደር ቅያሬው፣ ምድጃው ከቦታው በተነቃነቀ ቁጥርም መደረግ ያለበት ነው። እግረ መንገዳችሁን ጎማውን ጎንበስ አድርጋችሁ እዩት። ተሰንጥቋል? ደርቋል? ምድጃው ሥር ሆኖ ሙቀት በልቶታል? ከሆነ ይቀየር። ቀን የታተመበት ከሆነ ቀኑን ጠብቁ። የውሃ ጎማ ለጋዝ አይሆንም፤ ጋዙ ራሱ ይበላዋል። ሁለቱም ጫፍ በፋሼታ ይታሰር፤ በሽቦ ወይም በፕላስተር አይሁን። ለስልካችን ከቨር ሳናቅማማ የምንከፍል ሰዎች ለጋዝ ጎማ ሲሆን የምንከራከረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ይቁም። ከተጋደመ በጋዙ ፋንታ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ሊወጣ ይችላል። ሊያልቅ ሲል ማጋደምም ሆነ በፈላ ውሃ ወይም በእሳት ማሞቅ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ መገልበጥም አይሞከርም። ማታ ስትተኙና ከቤት ስትወጡ ደግሞ የምድጃውን ማዞሪያ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። የነበልባሉን ቀለምም ልብ በሉ፤ ሰማያዊ ከሆነ በደንብ እየነደደ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ካለበሰ ጋዙ በቅጡ እየተቃጠለ አይደለም። ይህ ማለት የከሰል ጭስ ሰው የሚገድልበት ያ ሽታ የሌለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ክፍሉ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። መስኮት ክፈቱ፣ ምድጃውን አስጸዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ሰዓት እንምጣ። ማታ ቤት ስትገቡ ጋዝ ሸተታችሁ እንበል። ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም፤ ጋዙ ሽታ ስለሌለው እኛን ለማስጠንቀቅ ተብሎ የተጨመረ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ነው የሸተተኝ" ብላችሁ አትለፉት። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፤ ጉንፋን የያዘው ሰውማ ጭራሽ ላይሸተው ይችላል።

የመጀመሪያው ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። አምፖል አታብሩ። የበራም ካለ አታጥፉ፤ ብልጭታ የሚወጣው ሲበራም ሲጠፋም ነው። መብራት የለም ብላችሁ የስልካችሁን ባትሪ ለማብራትም አትቸኩሉ፤ ስልኩ እዚያው ኪሳችሁ ይቆይ። መድረስ ከቻላችሁ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። ስልኩ ሥራ የሚጀምረው ውጪ ከወጣችሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ 939 ነው። አሁኑኑ መዝግቡት።

በተለይ መብራት በጠፋ ሰዓት ተጠንቀቁ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ወደ ጋዝ እንዞራለን። ጋዝ ያፈሰሰበት ቤት ውስጥ መብራት ድንገት ሲመጣ ግን ፍሪጁ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይነሳል። እሱም ብልጭታ ነው። "ሽታው እስኪጠፋ ጥግ ይዤ ልጠብቅ" የማይሠራው ለዚህ ነው፤ መውጣት ነው።

ሲሊንደሩ ላይ እሳት ከተነሳስ? እጃችሁ ሳይቃጠል ቫልቩ ጋ መድረስ ከቻላችሁ ዝጉት፤ እሳቱ ራሱ ይጠፋል። ካልቻላችሁ ግን ነበልባሉን ብቻ አጥፍቶ ጋዙ ሲፈስ መተው የባሰ ነገር መጥራት ነው። እሳት ሲሊንደሩን እየገረፈው ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል። ዕቃ ለማዳን አትመለሱ። ጎረቤት እየቀሰቀሳችሁ ውረዱ።

ይህ ሁሉ በእኛ በተጠቃሚዎቹ ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም መሆን የለበትም። ጋዝ የሚሸጥ ድርጅት ሲሊንደር አስረክቦ ብር መቀበል ብቻ ሳይሆን፣ የሚልከው ሠራተኛ በደንበኛው ፊት አረፋ ቀብቶ ሳያሳይ እንዳይወጣ ማድረግ አለበት። አንድ ጠርሙስ የሳሙና ውሃ ማስያዝ ለየትኛውም ድርጅት ከባድ አይደለም። ዘርፉን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም ይህን የሽያጩ አንድ አካል ቢያደርገው ብዙ ቤት ይድናል። ቤት አከራዮች ደግሞ መስኮት የሌለውን ጥግ ወጥ ቤት ብለው ሲያከራዩ ምን እያከራዩ እንደሆነ ያስቡ። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም ስለ ጥበቃና ስለ ውሃ ታንከር ሲሰበሰቡ አሥር ደቂቃ ለዚህ ጉዳይ ቢሰጡ አይጎዱም።

ጋዝ ጠላታችን አይደለም። ከከሰልና ከእንጨት ጭስ ብዙ እናቶችን የሚገላግል ጥሩ ነገር ነው። ሰው እንዲፈራው አልፈልግም፤ እንዲያውቀው ነው የምፈልገው። አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ይሉ ነበር። የእኛ ቅጠል አረፋው ነው።

እህቴ አሁን ጋዝ ስታዝ አስቀድማ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አረፋ ታዘጋጃለች። ያው ልጅ በሌላ ቀን መጥቶ ላይተሩን ሲያወጣ "ወንድሜ፣ እሱን ተወውና በዚህ እንየው" ብላ ስፖንጁን ሰጠችው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀባው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ፤ አረፋው አልተነፋም። ሲወጣ "ይሄ እንኳ ይሻላል፣ ጣቴንም አያቃጥለኝም" አለ አሉ።

ዛሬ ማታ እራት ከመሥራታችሁ በፊት ሞክሩት። ከዚያ የቤተሰባችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፉት። በተለይ ክብሪት ለምትለኩሰዋ አክስታችሁ።